የሐምዛ ምንጭ

ሰዓዳ ይመር የጌም ገጸ ባሕርያትን ትጽፍ ነበር። የምትሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2079 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት፣ አግብታ የፈታች፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ አቶ ይመር ሙሔ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን፣ መኪኖች ያለ ሾፌር መሄድ እስኪጀምሩ ድረስ በጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

የሙያው ሕግ የወጣው በ2064 ነው። ከዚያ በፊት ጌሞችን ማሽን ይጽፋቸው ነበር፤ ተጫዋቹም አንገሸገሸው። በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ መንደሩ የተቃጠለበት ነው። ሁሉም አባቱን ገድለውበታል፣ ሁሉም ሊበቀል ይሄዳል፣ ሲሞትም ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ተናግሮ ይሞታል። ሰዎች የገቡበትን ጌም በሁለተኛው ቀን እየተዉ ይወጡ ጀመር። በመጨረሻ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በሕይወት ካለ ሰው እንዲቀዳ ተደነገገ። የሰውየው ስም አይገለጽም። ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታና ዓመት ግን በገጸ ባሕርዩ ደረት ላይ በትንሽ ፊደል ይታያል። ሰውየውም የምንጭ ደብዳቤ የሚባል ወረቀት ይፈርማል። እነዚህን ጌሞች ሕዝቡ «ባለምንጭ» ይላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት በር ላይ «ጸሐፊ አይገባም» የሚል ወረቀት መለጠፍ የተለመደ ሆነ። ጸሐፊ አስጠርቶ ከሬሳው ራስጌ የሚያስቀምጥም አልጠፋም። ሰዓዳ ታክሲ ስትሳፈር የሚያውቋት ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የማያውቋት ደግሞ ሥራዋን ሲሰሙ የፍቺያቸውን ታሪክ ይጀምሩላታል። ታዳምጣቸዋለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይረባትም። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ራሱን ያሳምራል። ያማረ ሰው ደግሞ ጌም ውስጥ ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ ተጫዋቹ አልፎት ይሄዳል።

ሐምዛ የተባለውን ገጸ ባሕርይዋን ያገኘችው ሆስፒታል ውስጥ ነው። በ2076 ክረምት አቶ ይመርን የሳምባ ምች ጣላቸው፤ ሐኪሞቹም ተስፋ እንደሌላቸው ለሰዓዳ ነገሯት። እሳቸውም ሳይነገራቸው ገባቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን እንድትዘጋ አዘዟትና፣ ወደ አርባ ዓመት ለማንም ሳይናገሩ የያዙትን አወሩላት።

በ2038 ግንቦት ላይ ሁለት ተሳቢዎች ከጅቡቲ ተከታትለው ይመጡ ነበር። የፊተኛውን የሚነዳው አበጋዝ የሚባል የባቲ ሰው ነው። ጭነቱ የመስኮት መስታወት ነበር። ሚሌ ለመድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው የአበጋዝ መኪና ተገለበጠ፣ መስታወቱም በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ይመር አቁመው ሮጡ። አበጋዝ ከወገቡ በታች በጋቢናው ሥር ተይዟል፤ ግን ይናገራል። ናፍጣው ይንዠቀዠቃል፣ ከሞተሩ ጭስ ይወጣል። ይመር ብረቱን ሊያነሱት ሞከሩ፣ አልቻሉም። አበጋዝ እጃቸውን ያዛቸው። እሳት ሊነሳ ነው ብለው ፈሩ። ሰው ይዤ እመጣለሁ አሉት፣ እጃቸውን አስለቅቀው መኪናቸው ላይ ወጡ፣ ሄዱም።

ሚሌ ሲደርሱ ፖሊስ ጣቢያውን አልፈው አንድ ምግብ ቤት ገቡ። እጃቸውን ታጥበው ፍርፍር አዘዙ። እስከ መጨረሻው በሉት፣ ሻይም ጠጡ። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲሄዱ አደጋው ከደረሰ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ሰዎች ቦታው ሲደርሱ አበጋዝ ሞቷል። መኪናው አልተቃጠለም። በሦስተኛው ቀን ይመር ባቲ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ሚስቱን ወዲያው ነው የሞተው፣ አልተሰቃየም አሏት።

«ለምን እንደበላሁ አላውቅም» አሏት ለሰዓዳ። «አልራበኝም ነበር።»

የሰዓዳ መቅጃ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር። አስባበት የከፈተችው አልነበረም፤ ጸሐፊዎች መቅጃቸውን አይዘጉም። በማግስቱ ግን ያደረገችውን አስባበት ነው ያደረገችው። አባቷ የሚፈርሟቸው የሆስፒታል ወረቀቶች ነበሩ። የምንጭ ደብዳቤውን ከመሐላቸው አስገባችው። እሳቸውም መነጽር ሳያደርጉ ሁሉንም ፈረሙላት።

ከዚያ አቶ ይመር ዳኑ።

ሰዓዳ ስምንት ወር ታገሠች። ለራሷ እስኪያልፉ እጠብቃለሁ ብላ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የጻፈቻቸው ሦስት ገጸ ባሕርያት በግምገማ በተከታታይ ወደቁባት። የጥራት ገምጋሚዎቹ አለቃ ቤዛዊት፣ ከእሷ በአሥር ዓመት የምታንስ ቀልጣፋ ሴት፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ሰዓዳ ሰው ማየት እየረሳች ነው ብላ በሁሉም ፊት ተናገረች። ሰዓዳ በዚያው ሳምንት አባቷን መጻፍ ጀመረች።

ጌሙ «የአሸዋው በር» ይባላል። ሐምዛ በበረሃ መሐል የአንድ በር ጠባቂ ነው፤ ነጋዴም ሽፍታም በእሱ ሳያልፍ አይሄድም። ተጫዋቹ አጠገቡ ተቀምጦ የፈለገውን ሊያወራው ይችላል፤ ሐምዛም እንደ ሰው ይመልሳል፣ ያኮርፋል፣ ይቀልዳል፣ ይደብቃል። ተሳቢው ጋሪ ሆነ፣ ሚሌ የበረሃ ገበያ ሆነች፣ ናፍጣው የመብራት ዘይት ሆነ። መስታወቱን ግን አልለወጠችውም፤ በአሸዋ ላይ ሲያበራ በጣም ያምር ነበር። ፍርፍሩንም አልነካችውም። የአባቷን ሳቅ፣ ከመናገራቸው በፊት መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ የሚጠርጉትን ነገር፣ ሁሉንም ሰጠችው።

መጀመሪያ ሲገመገም ከመቶ ሰባ አንድ አገኘ። ቤዛዊት ምግቡን ወደደችው። ችግሩ ሌላ ነው አለች። ሰውየው ጓደኛውን ጥሎ የሚሄድበት ቦታ ለስላሳ ነው፤ ፈርቶ ሄደ፣ በቃ፤ ተጫዋቹ ተሸክሞት የሚወጣው ነገር የለም። አንድ ነገር ጨምሪበት ብላ መለሰችላት። ሕጉ ከአሥር አንድ እጅ ፈጠራ ይፈቅዳል።

ሰዓዳ የጨመረችው በሃያ ደቂቃ ነው። ሐምዛ ዞሮ ሲሄድ፣ ከጋሪው ሥር ያለው ሰው ይጠራውና «ውሃውን እንኳ አስቀምጥልኝ» ይለዋል። ሐምዛ ይሰማዋል። የውሃው አቁማዳ ትከሻው ላይ ነው። ሳይዞር ይሄዳል።

ሐምዛ ዘጠና አራት አገኘ።

አራት ሚሊዮን ሰው በሩ ላይ መጣ። ውሃው ጋ እስኪደርስ ድረስ ለቀናት እየተመላለሱ ያግባቡታል፣ ያስቁታል፣ ጓደኛ ይሆኑታል። ሲናገር ምርጫው የእነሱ ነው። ይቅር ያሉት ከመቶ አሥራ አንድ ነበሩ። የቀሩት ተፉበት፣ አስረው ፀሐይ ላይ ተዉት፣ ወይም በጥማት እስኪሞት ከበሩ ላይ ሆነው ተመለከቱት። በማግስቱ ሐምዛ ቦታው ላይ ይገኛል፤ የሆነበትን ግን ያስታውሳል። ሰዓዳ ሽልማት ተሰጣት። አባቷ በምን እንደሆነ ሲጠይቋት ስለ አንድ ዘበኛ ጽፌ ነው አለቻቸው። ደስ አላቸው፤ ለጎረቤትም አወሩ።

አቶ ይመር ጌም አይጫወቱም ነበር። የደረሱበት በፀጉር አስተካካዩ በእንድሪስ በኩል ነው። እንደ ሌሎቹ ፀጉር ቤቶች ሁሉ የእንድሪስም ቤት ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች የጌም መነጽርና ወንበር ነበረው። አንድ ጠዋት ጢማቸውን ሲያስተካክላቸው አንድ ነገር ተናግረው ሳቁ። እንድሪስ ምላጩን አነሳና፣ ጋሽ ይመር፣ ሲስቁ ልክ ሐምዛን ይመስላሉ አላቸው። ማን ነው ሐምዛ ሲሉት መነጽሩን አደረገላቸው።

እንድሪስ በኋላ እንደተናገረው፣ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ አገሩ ጠየቁት፣ ሳቁም። ቀጥሎ በደረቱ ላይ ያለውን «ምንጭ፦ የሚሌ መንገድ፣ 2038» የሚለውን ጽሑፍ ቀስ ብለው አነበቡት። ሐምዛ ለሌላው ሰው በሳምንት የሚነግረውን ለእሳቸው በአንድ ተቀምጦ ነገራቸው። ምክንያቱን ማንም አላወቀም። መነጽሩን ሲያወልቁ ጢማቸው በአንድ ወገን ብቻ ተስተካክሎ ነበር። እንደዚያው ሆነው ሄዱ።

ሰዓዳ ለምሳ ቤት ስትገባ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቋት። ይጮኹብኛል፣ ይረግሙኛል ብላ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ለዚህ ቀን የሚሆን መልስም አዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የውሃውን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ አባባ። እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አለች።

አቶ ይመር መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ከዚያም እኔ አልነገርኩሽም ነበር፣ እንዴት አወቅሽ አሏት። ሰዓዳ እንደገና አስረዳቻቸው። ሥራው እንደዚያ ነው፤ ታሪኩ እንዲከብድ ይጨመርበታል አለች። ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ አለቀሰችም። እሳቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። በማግስቱ ጠዋት ወደ እንድሪስ ቤት ሄዱ። በሦስተኛውም ቀን ሄዱ። ጌሙ ውስጥ ገብተው ሐምዛን ያንኑ ቦታ ደጋግመው ያስነግሩት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ከባቲ መጣች። ስሟ እቴነሽ አበጋዝ ነው፤ ሃምሳ ዓመቷ፣ የሒሳብ አስተማሪ። አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ተማሪዎቿ ስለ ሐምዛ ሲያወሩ ሰምታ፣ ቦታውንና ዓመቱን አይታ፣ መስታወቱን አይታ፣ ከድሮ ሾፌሮች ጠይቃ ነው የመጣችው። እናቷ ባለፈው ዓመት እንደሞተች፣ እስከ መጨረሻውም ባሌ ወዲያው ነው የሞተው፣ ይመር ነግሮኛል እያለች ትጽናና እንደነበር በተረጋጋ ድምፅ ነገረቻቸው። ለጠብ አልመጣሁም አለች። ስለ ምግቡም አልጠይቅም፤ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ነገር ያደርጋል አለች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለቻቸው። «አባቴ ውሃ ለምኖዎት ነበር?»

ሰዓዳ ከአባቷ ቀደመች። ያ ነገር ፍጹም ውሸት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጭማሪ ስለተጠየቅኩ ነው የጨመርኩት አለቻት። እቴነሽ አየቻትና ወደ ሽማግሌው ዞረች። አቶ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«ለምኖኛል» አሉ።

ሰዓዳ ተነሥታ ጓዳ ገባችና መቅጃውን ይዛ ወጣች። የሆስፒታሉን ቅጂ ከፈተች። በክፍሉ ውስጥ የአቶ ይመር የደከመ ድምፅ ተሰማ፤ በመሐሉም እየሳሉ፣ ውሃችን ከድንበሩ ሳንርቅ አልቆ ነበር፣ ጀሪካኑን ራዲያተር ላይ ጨርሼዋለሁ፣ ለእሱ የሚሆን ጠብታ አልነበረኝም ይላል። ሰዓዳ ያንን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሳ አሰማች። ውሃ አልነበረም አለች። ሊለምንም ሊከለከልም የሚችል ውሃ በመኪናው ላይ አልነበረም።

አቶ ይመር ድምፃቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙት። እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር የሰሙት።

«ያኔ ዋሽቼሽ ነው» አሏት። «አፍሬ ነው።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቀኑን አውቀዋለሁ። የት ተቀምጬ እንደጻፍኩት አውቀዋለሁ።»

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም» አሏት። «ጠራኝ። በስሜ ጠራኝ። ጀሪካኑ ከመቀመጫው ኋላ ነበር። እስከ ግማሹ ነበረው።»

እቴነሽ ቦርሳዋን ዘጋች። ሰዓዳ ተከትላት እስከ በሩ ወጣችና ክንዷን ይዛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጌሙን ሰምተው ተምታቶባቸው ነው፣ ቅጂውን ሰምተሻል አለቻት። እቴነሽ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሒሳብ እንደምታስተምር፣ ማስረጃ ምን እንደሆነ እንደምታውቅ ነገረቻት። ቅጂውንም አምናዋለሁ አለች። ነገር ግን ከጌሙ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አባቷ ሲጠማው ነው የሚታያት። ዓይኗን ስትከድን ይለምናል። ይህን ቅጂው አያወጣውም አለች። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ብላ ቸኩላ ሄደች።

ሰዓዳ በማግስቱ ቢሮ ገብታ ዓረፍተ ነገሩን ከሐምዛ ውስጥ አወጣችው። ማንንም አላስፈቀደችም። ሐምዛ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ ይፈራል፣ ይሄዳል፣ ይበላል። በሦስት ቀን ውስጥ ነጥቡ ወደ ስድሳ ስምንት ወረደ። ተጫዋቾች ጠባቂው ደነዘዘ፣ አንድ ነገር ወሰዱብን እያሉ ያማርሩ ጀመር። ቤዛዊት ጠራቻት። አልተቆጣችም። ሥራውን ማጥፋት የማንም መብት እንዳልሆነ አስረድታ ከዋና ገጸ ባሕርያት አነሣቻት፤ ገበያ ውስጥ ቆመው ደህና ዋሉ የሚሉ ባለሱቆችን እንድትጽፍ መደበቻት። ሰዓዳ ተስማማች። አባቴ ይረሳዋል ብላ አሰበች። ሐምዛ ከተወው እሳቸውም ይተዉታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አቶ ይመር በእንድሪስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሐምዛን እንደልማዳቸው አስነገሩት። ሐምዛ እጁን አስለቀቀ፣ ዞሮ ሄደ፣ ገበያው ደረሰ። ውሃው የለም። እንደገና አስጀመሩት፤ የለም። በሦስተኛው ጊዜ መነጽሩን አወለቁና በቤቱ ውስጥ ለነበሩት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች፣ ይሄ ሰው ውሸታም ነው አሏቸው። እንደ እኔ ደበቀው አሉ። ከዚያም ቆመው እውነተኛው ሐምዛ እሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው፣ ታሪኩንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከነውሃው ተናገሩ።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። በሳምንቱ ከደሴና ከወልድያ የመጡ ተጫዋቾች በእንድሪስ ቤት በር ላይ ተሰለፉ። አቶ ይመር አንዱንም አልመለሱም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉ። ሰዎቹ ሲጨርሱ ጌሙ ላይ ያደርጉት የነበረውን ያደርጋሉ። ጥቂቶች እጃቸውን ይስማሉ። ብዙዎቹ ይሰድቧቸዋል። አንዱ እግራቸው ሥር ምራቁን ተፍቶ ሄዷል። አቶ ይመር ሁሉንም በትዕግሥት ይቀበላሉ፤ የሚከፋቸው ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ሲገጥማቸው ነው ይባላል። ሰዓዳ ለመነቻቸው፣ በር ቆለፈችባቸው፣ ሐኪምም አመጣች። ሐኪሙ አእምሯቸው ጤነኛ ነው አለ። ታሪኩን የሚናገሩት ሳይደነቃቀፉ፣ ቀኑን ሳይስቱ ነው።

ቤዛዊት ሁለት ሰዎች አስከትላ መጥታ ቀዳቻቸው። አዲስ የምንጭ ደብዳቤ አቀረበችላቸው። በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር አንብበው ፈረሙ። ዓረፍተ ነገሩም ወደ ሐምዛ ተመለሰ። ምንጩ ራሱ ስላረጋገጠው ከፈጠራ አልተቆጠረም፤ ከታሪኩ ጋር በእውነትነት ተመዘገበ። ሐምዛ ዘጠና ሰባት አገኘ። በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ ያገኘ የለም።

ሰዓዳ አባቷ ሲናገሩ ለመስማት አንድም ቀን አልሄደችም ነበር። በጥር ወር አንድ ጠዋት ግን መድኃኒታቸውን ረስተው ስለወጡ ይዛላቸው ሄደች። ቤቱ ሞልቷል። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እንድሪስም መቀሱን አስቀምጦ ያዳምጣል። ከበሩ አልፋ መግባት አልቻለችም። አቶ ይመር እጃቸውን ከአበጋዝ እጅ እያስለቀቁ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዉ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል ብሏል።

እሷ የጻፈችው ቦታ ደረሱ። በስሜ ጠራኝ አሉ። ውሃውን እንኳ አስቀምጥልኝ አለኝ። እዚህ ላይ ታሪኩ ያልቃል፤ ሰውየው ወደ መኪናው ይሄዳል። እሳቸው ግን አልሄዱም። ቀጠሉ።

«በሩን ስዘጋው ሌላም ነገር ነገረኝ» አሉ። «ለልጄ ግን ወዲያው ሞተ በላት አለኝ።»

ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት አፏን ያዘች። ሰዓዳ ይህ ነገር በቅጂው ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች። በጻፈችው ውስጥም የለም። ከሰዓት በኋላ በየስልኩ እንደሚዞር፣ እስከ ማታም ባቲ እንደሚደርስ ታውቃለች። እቴነሽ ስትሰማው ምን እንደምትሆን ልታስብ ፈለገች። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሐሳብ ቀድሟት መጣ። ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነበር። እሷ ከጻፈችው ይበልጣል።

መድኃኒቱን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና በቀኟ ማስታወሻዋን አወጣች።